ወፈፌዎቹን ለምን እንወዳቸዋለን? ስለ አስቂኝ የስፖርት አኒሜዎች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች በርከት ያሉት ስለ ጃፓን የስፖርት አኒሜዎች (የካርቱን ፊልሞች)፣ በተለይም ስለሚያስቁን ተጫዋቾቻቸው የሚጠይቁ ናቸው። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል አራቱን መርጠናል። ታሪኮቹን ገና ያላያችሁ አንባቢያን አንዳንድ ፍጻሜዎች እዚህ እንደሚገለጡ አስቀድማችሁ እወቁ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ የሳይንስ ተማሪ ነኝ። ከመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ጋር ሀይኪዩ የተባለውን የመረብ ኳስ ታሪክና ሌሎችንም የስፖርት አኒሜዎች በአንድ ላፕቶፕ ተሰብስበን እናያለን። አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲያሸንፍ ደስ ይለናል፤ እንደ ቦኩቶ ያለው ወፈፌ ብቅ ሲል ግን ክፍሉ በሙሉ በአንድ እግሩ ይቆማል። ከሁሉም የተሻለ ስለሚጫወት አይደለም፤ የሚያስቅም ሌላ ብዙ አለ። ታዲያ እነዚህን ዐመለ ልዩ ሰዎች እንዲህ የምንወዳቸው ለምንድን ነው?
ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ «የሚያስቅም ሌላ ብዙ አለ» ስትል የጥያቄህን ግማሽ ራስህ መልሰኸዋል። ማሳቅ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንዲት ቀልድ የሚደጋግም ተጫዋች ሁሉ ይወደድ ነበር፤ እንዲህ ያሉትን ግን ክፍሉ ሲያልቅ እንረሳቸዋለን። በእኔ አመለካከት ልባችንን የሚይዘው ወፈፌ ዐመሉ ከጨዋታው የማይለይ፣ የምንስቅበት ነገር ሜዳ ላይ ሥራ የሚሠራለት ወይም ዋጋ የሚያስከፍለው ሰው ነው። ዐመሉን ብትወስድበት ችሎታውም አብሮ ይሄዳል።

ለዚህ የዮዋሙሺ ፔዳሉን ኦኖዳ ሳካሚቺን የሚያህል ማስረጃ አላገኘሁም። በዋታሩ ዋታናቤ ተሥሎ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ መታተም በጀመረውና በ2013 ወደ አኒሜ በተለወጠው በዚህ የብስክሌት ታሪክ ውስጥ ኦኖዳ መነጽር ያደረገ፣ ስፖርት የሚባል ነገር የሚያስፈራው፣ ከአኒሜና ከአሻንጉሊት በቀር ሌላ ወሬ የሌለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። የባቡር መሳፈሪያውን ቆጥቦ ለአሻንጉሊት ሊያውለው ሲል ከቺባ እስከ ቶኪዮው አኪሃባራ ድረስ፣ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ፣ እናቶች ገበያ በሚሄዱበት ባለ ቅርጫት ከባድ ብስክሌት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመላለስ ኖሯል። ብስክሌቱ ደግሞ ሩቅ እንዳይሄድበት ተብሎ ማርሹ እጅግ ቀላል ተደርጎ የተሠራ ስለነበረ፣ ጥቂት ለመራመድ ብዙ ጊዜ ፔዳል መምታት ግድ ይሆንበት ነበር። እግሩ ሳያውቀው በፍጥነት ማሽከርከርን ለመደ፤ ዳገት ላይ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ሀብት የለም። ምሩጽ ይፍጠርን «ማርሽ ቀያሪው» ብሎ የሰየመ ሕዝብ ይህን ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም። ልጁ የሚወደውን የአኒሜ ዘፈን እየዘፈነ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ቀጥ ያለ ዳገት ሲወጣ የሚያየው የሠለጠነ ብስክሌተኛ ዐይኑን ማመን ያቅተዋል። እኛም መጀመሪያ በዘፈኑ እንስቃለን፤ ቆየት ብለን ግን ያሳቀን ነገርና የሚያሸንፍበት ነገር አንድ መሆኑን እንረዳለን።

የኩሮኮ ኖ ባስኬው ሚዶሪማ ሺንታሮም ከዚሁ ወገን ነው። በየማለዳው የኮከብ ትንበያ አዳምጦ የዕለቱን የዕድል ዕቃ፣ አሻንጉሊትም ይሁን ሌላ ለቅርጫት ኳስ ተጫዋች የማይመጥን ኮተት፣ ይዞ ይመጣል፤ ጥፍሩ እንዳይጎዳ የግራ እጁን ጣቶች በፋሻ ይጠቀልላል። ነገሩ ተራ አጉል እምነት ቢሆን ኖሮ ፌዝ ሆኖ በቀረ ነበር። ሰውየው ግን ሰው ማድረግ የሚችለውን ሁሉ ሳያደርግ ዕድልን መጠበቅ ነውር ነው ብሎ የሚያምን፣ ከልምምድ አንዲት ውርወራ የማያጎድል ተጫዋች ነው፤ ኮተቱ የዚያ ጥንቃቄ የመጨረሻ ጫፍ ነው። ከሜዳው ከየትኛውም ስፍራ ወርውሮ ሲያገባ በእጁ የነበረውን አሻንጉሊት አስታውሰን ፈገግ እንላለን እንጂ አንንቀውም።

አሁን ወደ ቦኩቶ እንምጣ። የሃሩኢቺ ፉሩዳቴ ሀይኪዩ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2020 በሳምንታዊው ሾነን ጃምፕ መጽሔት የወጣ የመረብ ኳስ ታሪክ ሲሆን፣ ቦኩቶ ኮታሮ በውስጡ የፉኩሮዳኒ ትምህርት ቤት አምበልና ከአገሪቱ አምስት ምርጥ የሁለተኛ ደረጃ አጥቂዎች አንዱ ነው። ይህ ሁሉ ማዕርግ እያለው ኳሶቹ ተደጋግመው በብሎክ፣ ማለትም መረቡ ላይ ዘለው በእጃቸው በሚዘጉ ተጋጣሚዎች፣ ሲመለሱበት እንደ ሕፃን ያኮርፋል፤ ኳስ አመቻቹን አካአሺን ለእኔ እንዳታቀብለኝ ይለዋል። ትዕይንቱን ታላቅ የሚያደርገው የቦኩቶ ኩርፊያ ሳይሆን የቀሪዎቹ መልስ ነው። ማንም አይደነግጥም፣ ማንም አይለማመጠውም፤ እሱን ትተው ነጥብ እየሰበሰቡ ይቆዩና የተጋጣሚው ብሎክ በሳሳበት ሰዓት አካአሺ ኳሷን በትክክለኛው ቦታ ይሰቅልለታል። ሰውየው በአንድ ምት ይፈወስና አዳራሹን በጩኸት ይሞላዋል።

እዚህ ላይ ጃፓኖች ማንዛይ የሚሉት የሁለት ሰዎች የመድረክ ቀልድ ሥር ይታያል። አንዱ ነገር ያወላግዳል፣ ሌላው ፊቱን ሳይለውጥ ያቀናዋል፤ ሳቁ የሚፈነዳው ሁለተኛው በሚናገርበት ቅጽበት ነው። እኛም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ደረጀ ኃይሌንና ሀብቴ ምትኩን ስናይ ያደግን ሰዎች አንዱ ብቻውን መድረክ ላይ ቢቀር ቀልዱ ምን ያህል እንደሚጎድል እናውቀዋለን። አካአሺ የአምበሉን ድክመቶች ቁጥር ሰጥቶ የሚይዝ ረጋ ያለ ልጅ ነው፤ እሱ ባይኖር ቦኩቶ አድካሚ ሰው በሆነ ነበር። ስለዚህ ክፍላችሁ በሙሉ የሚነሣው ለቦኩቶ ብቻ ይመስላችኋል እንጂ ለሁለቱም ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህኛው ሳቅን የሚሻገር ነው። በዚያው ታሪክ ውስጥ ቴንዶ ሳቶሪ የሚባል የሺራቶሪዛዋ ተጫዋች አለ፤ ዐይኑ የፈጠጠ፣ በሜዳ መካከል የሚያንጎራጉር፣ የተጋጣሚውን አጥቂ እያየ የሚሳለቅ። ብሎክ የሚወጣው ብዙዎቹ እንደሚያደርጉት የኳሷን መነሣት ጠብቆ ሳይሆን በግምት ነው፤ ገምቶ ሲያገኝ ተጋጣሚውን ተስፋ ያስቆርጣል፣ ሲስት ደግሞ ከኋላው ያለውን መከላከል ባዶ ያስቀረዋል። በልጅነቱ እኩዮቹ ጭራቅ እያሉ ያገልሉት ነበር። ቁጡው አሠልጣኝ ዋሺጆ ግን ነጥብ እስካመጣ ድረስ በፈቀደው መንገድ ብሎክ እንዲወጣ ተወው። ከየክፍለ ሀገሩ መጥቶ በአንድ ዶርም የተሰበሰበ ወጣት ይህን ሲያይ ዝም ብሎ አይስቅም፤ ጠባዩን ሳያስተካክሉ ቦታ የሰጡትን ቡድን ያያል። የናንተም ጩኸት ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

እንዲህ ያለው ሳቅ በዘርፉ ውስጥ ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ የጃፓን ሴቶች መረብ ኳስ ቡድን በሂሮቡሚ ዳይማትሱ ርኅራኄ የለሽ ሥልጠና ወርቅ ካገኘ በኋላ የአገሪቱ የስፖርት ታሪኮች በላብና በዕንባ የተሞሉ ሆኑ፤ በ1968 በቴሌቪዥን የወጣው ኪዮጂን ኖ ሆሺ ውስጥ አባት ለቤዝቦል የሚያዘጋጀውን ልጁን ጡንቻ የሚያስጨንቅ የሞላ መታጠቂያ ያስለብሰዋል። በዚያ ዓይነት ሜዳ ላይ ወፈፌ ሊቆም አይችልም ነበር። ቀልደኞቹ እየበዙ የመጡት ተመልካቹ የመከራውን መንገድ አስቀድሞ በሚገባ ካወቀው በኋላ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ከሳቁ ሥር ያ የጥንቱ ልምምድ አለ።

ሁሉም ተሳክቶላቸዋል ለማለት ግን አልደፍርም። እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ዘ ፕሪንስ ኦፍ ቴኒስ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎቹ እጅግ ደስ የሚሉ ሰዎች አሉት፤ ዐይን አፋሩ የሱሺ ቤት ልጅ ካዋሙራ ራኬት ሲጨብጥ እሳት ሆኖ ይጮኻል፣ ኢኑኢ ደግሞ በልምምድ የተሸነፉትን ራሱ በጨመቀው አስፈሪ ጭማቂ ይቀጣቸዋል። ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ግን ምቶቹ ከተፈጥሮ ሕግ ውጭ ሆኑ፤ ሁሉም ተአምር በሚሠራበት ሜዳ ላይ ደግሞ የአንዱ ዐመል ከሌላው ዐመል መለየቱ ይቀራል። አብዝተው የሚወዱት ብዙዎች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ እኔ ግን የመጀመሪያውን አጋማሽ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ለገሀር አካባቢ የምኖር የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የዐሥራ አራት ዓመቱ ልጄ ስላም ዳንክ የሚባለውን ፊልም ማየት ከጀመረ ወዲህ ቅርጫት ኳስ መውደዱ ደስ አሰኝቶኛል። ሆኖም ራሱን «ሊቅ ነኝ» ማለት አብዝቷል፤ የሰፈሩን አሠልጣኝም በሌሉበት በቅጽል ስም ይጠራቸዋል። አንድ ቀን አብሬው ተቀምጬ ባይ ቀይ ጸጉር ያለው ጎረምሳ የሸበቱትን አሠልጣኝ አገጭ በእጁ እያርገበገበ ይጫወትባቸዋል። ልጄ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ግን ቀፈፈኝ። ልከልክለው ወይስ ልተወው?
አባት፣ ከለገሀር

መልስ፦ ስሜትዎ ትክክል ነው፤ ደራሲውም የተመኘው ሳቅ ከእርስዎ መቀፈፍ ጋር አንድ ምንጭ አለው። የጃፓን ትምህርት ቤት ቡድን ታናሽ ታላቁን የሚያከብርበት፣ አዲስ ገቢው ወለል የሚወለውልበትና ኳስ የሚሰበስብበት፣ አሠልጣኙን ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚልበት ቦታ ነው። ልጅዎ አሠልጣኙን በፊታቸው «ጋሼ» እንደሚላቸው ሁሉ፣ እዚያም ያለ ማዕርግ መጥራት አይታሰብም። ያ ቀይ ጸጉሩ ጎረምሳ ሳኩራጊ ሃናሚቺ አምበሉን አካጊን «ጎሪላ»፣ አሠልጣኙን አንዛይን ደግሞ «ሽማግሌው» እያለ ሲጠራ ተመልካቹ የሚስቀው ነውር መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ነውሩን የማያውቅ ሰው ቀልዱም አይገባውም፤ የልጅዎ ሳቅ ሥርዓትን አለማወቁን አያሳይም፣ ማወቁን እንጂ።

ይህ እንዳለ ሆኖ፣ ታኬሂኮ ኢኖኡዌ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1996 ባሳተመው በዚህ ታሪክ ውስጥ ሳኩራጊ ለአፉ የሚከፍለውን ዋጋ ልብ ይበሉ። ቅርጫት ኳስ የጀመረው ኳሱን ወዶ አይደለም፤ አምሳ ልጃገረዶች እምቢ ካሉት በኋላ ሃሩኮ የምትባል ተማሪ ቅርጫት ኳስ ትወዳለህ ወይ ብላ ስለጠየቀችው ነው። «ሊቅ ነኝ» እያለ ገብቶ ከሜዳው ጥግ ኳስ ማንጠር ብቻ እንዲለማመድ ይደረጋል፤ ተበሳጭቶ ጥሎ ይወጣል፣ አፍሮ ይመለሳል። በክፍለ ግዛቱ ማጣሪያ ጨዋታዎች በጥፋት ብዛት ተደጋግሞ ከሜዳ ይወጣል። ካይናን ከተባለው ትምህርት ቤት ጋር በተደረገው ግጥሚያ ደግሞ ቡድኑ በሁለት ነጥብ ወደ ኋላ ቀርቶ ሳለ፣ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ሪባውንድ (ሳይገባ የነጠረ ኳስ) ይዞ ኳሷን በስሕተት ለተጋጣሚው ተጫዋች ያቀብላታል። ያን ጊዜ የሚያወራ አፍ የለውም፤ ያን የተኩራራበትን ቀይ ጸጉር ተላጭቶ ይመጣል። ለብሔራዊው ውድድር ሲዘጋጅም ሌሎቹ ለካምፕ ሲሄዱ እሱ ቀርቶ 20,000 ጊዜ ወደ ቅርጫት ይወረውራል። ልጅዎ «ሊቅ ነኝ» ሲልዎ ስንት ወረወርክ ብለው ቢጠይቁት ከተግሣጽ የበለጠ ይሠራል ብዬ እገምታለሁ፤ ታሪኩን ስለሚያውቀው ጥያቄዎ ከየት እንደመጣም ወዲያው ይገባዋል።

ስለ አሠልጣኙም አንድ ነገር ልጨምር። አንዛይ አገጫቸው ሲመታ ዝም ብለው የሚስቁት ደካማ ስለሆኑ አይደለም። በቀድሞ ዘመናቸው በዩኒቨርሲቲ ሲያሠለጥኑ ተማሪዎቻቸው የሚንቀጠቀጡላቸው ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ተስፋ የጣሉበት ያዛዋ የተባለ ተጫዋች ቁጣቸውን መሸከም አቅቶት ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ሞተ። ዛሬ የምናያቸው ለስላሳ ሽማግሌ ከዚያ ኀዘን በኋላ የተገኙ ናቸው። እርስዎ ይህን ክፍል ከልጅዎ ጋር ቢያዩት በመካከላችሁ ብዙ የሚወራ ነገር ይፈጠራል፤ ጎረምሳው ሽማግሌውን የሚዳፈረውን ያህል ሽማግሌው ለምን እንደታገሡት ትልቁ ቁም ነገር እዚያ ነው። ስለዚህ አይከልክሉት።

ማስጠንቀቅ ካለብኝ ሌላ ሥራ ላይ ነው። በአይሺልድ 21 ውስጥ ሂሩማ ዮኢቺ የሚባል የአሜሪካ እግር ኳስ ኳርተርባክ (የቡድኑን ማጥቃት የሚመራ ተጫዋች) አለ፤ ጆሮው የሾለ፣ መሣሪያ ተሸክሞ የሚዞር፣ የሰዎችን ምስጢር በአንድ ማስታወሻ ደብተር እየመዘገበ ያንን በመያዣነት የፈለገውን የሚያሠራቸው ልጅ። በጣም ያስቃል፤ ስሌቱና ለቡድኑ ያለው ታማኝነትም እውነተኛ ነው፤ ተፈጥሮ ብዙ አካላዊ ብቃት ስላልሰጠችው በጭንቅላቱ የሚጫወት ሰው መሆኑ ሲገለጥ እንድናከብረው ያደርገናል። ያ ደብተር ግን በታሪኩ ውስጥ እንደ ሳኩራጊ አፍ ዋጋ አልተከፈለበትም፤ እያንዳንዱ ስልክና እያንዳንዱ ፎቶ ማስፈራሪያ ሊሆን በሚችልበት በዛሬው የልጆች ሕይወት ውስጥ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅዎ ወደዚያ ሲደርስ አብረውት ይቀመጡና ስለ ደብተሩ ያነጋግሩት።

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ ቅርጫት ኳስ የምንጫወት ጓደኛሞች ተከራክረን መፍትሔ አጣን። የስላም ዳንኩ ሳኩራጊ የተቀዳው ከአሜሪካዊው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ከዴኒስ ሮድማን ነው ወይስ አይደለም? ቀለም የተቀባ ጸጉር፣ 10 ቁጥር መለያ፣ ሪባውንድ፤ ሁሉም ይገጥማል።
ተከራካሪዎች፣ ከስታዲየም

መልስ፦ ጸጉሩን በተመለከተ ዘመኑ አይፈቅድላችሁም። ሮድማን ጸጉሩን በቀለም መቀባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ወደ ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ከተዛወረ በኋላ ሲሆን፣ የሳኩራጊ ቀይ ጸጉር ግን ማንጋው (የታተመው ሥዕላዊ ታሪክ) በ1990 ከጀመረበት ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ ነበረ። ሮድማን በዲትሮይት ፒስተንስ ሳለ 10 ቁጥር ይለብስ የነበረ መሆኑ፣ የሪባውንዱም ነገር፣ ለክርክር የሚመች መመሳሰል ነው፤ ከዚያ አልፎ ተቀድቷል ለማለት አያበቃም።

ይልቅ ክርክራችሁን ወደዚህ ብታዞሩት ይሻላል፤ ሮድማን ከ1991–92 እስከ 1997–98 ሰባት የውድድር ዘመን በተከታታይ የኤንቢኤ የሪባውንድ ቀዳሚ የሆነው የቡድን ጓደኞቹ ኳስ በአየር ላይ ስትሽከረከር በየትኛው ወገን እንደምትነጥር አስተውሎ በማጥናቱ ነው። ተመልካቹ ጸጉሩን ሲያይ እሱ የኳሷን ሽክርክሪት ያይ ነበር። አጠር ያለ ቁመት ይዞ ከረጃጅሞች ጋር ለሚታገል ሰው ከጸጉር ቀለም ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ቸርችል ጎዳና አጠገብ የምኖር የሥዕል ተማሪ ነኝ። ስለ አንድ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አስቂኝ ሥዕላዊ ታሪክ እየሠራሁ ሲሆን የመጀመሪያዎቹን ስምንት ገጾች ልኬላችኋለሁ። ግብ ጠባቂዋ ትርንጎ ትባላለች። ከግቡ ቋሚዎች ጋር ታወራለች፣ ሁለት የማይመሳሰል ጓንት ታደርጋለች፣ በጨዋታ መካከል ቆሎ ትቆረጥማለች፣ ዳኛውን በግጥም ትሞግታለች፣ ኳስ ስታድን ደግሞ ታስነጥሳለች። ያነበቡት ሁሉ ሳቁ፤ ቀጣዩን ገጽ ይስጡን ያለኝ ግን የለም። ምን ጎደለኝ?
ሠዓሊ፣ ከቸርችል ጎዳና

መልስ፦ ምንም አልጎደለሽም፤ በዝቶብሻል። አምስት ዐመል ያላት ሴት አንድም ዐመል እንደሌላት ትቆጠራለች፣ ምክንያቱም አንባቢው የትኛውን ይዞ ቀጣዩን ገጽ እንደሚጠብቅ አያውቅም። ጓንቱን፣ ቆሎውን፣ ግጥሙንና ማስነጠሱን ተያቸው። ከቋሚዎቹ ጋር የምታደርገውን ወሬ ግን አጥብቀሽ ያዢ፤ ብዙ የሚቆፈር ነገር ያለው እዚያ ነው።

እውነተኛ ግብ ጠባቂዎች ዐይናቸውን ከኳስ ሳያነሡ ቋሚውን በእጃቸው ወይም በእግራቸው ጫፍ ይነካሉ፤ ፊታቸው ሜዳው ላይ ስለሆነ ግቡ ከኋላቸው የት እንዳለ፣ የትኛውን ጎን እንደከፈቱ የሚያውቁት በዚያ ነው። እንግዲህ ትርንጎ የግራውን ቋሚ «እንዴት አደርክ?» እያለች ስትዳስስ ተጋጣሚዎቹ ያብዳሉ፣ ደጋፊው ይስቃል፣ እሷ ግን ማዕዘኗን እየለካች ነው። ይህን ለአንባቢው በመጀመሪያው ገጽ እንዳትነግሪው። ሦስት አራት ጊዜ በሰላምታው እንዲስቅ ተይውና ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ከላይ ወደ ታች የታየ ሜዳ ሥለሽ መስመሩን አሳዪው።

ዋጋውም ይታሰብበት። ኮሎምቢያዊው ግብ ጠባቂ ሬኔ ኢጊታ እ.ኤ.አ. በ1995 ዌምብሌይ ላይ ወደ ፊት ተወርውሮ በጀርባው በኩል በተረከዙ ኳስ ሲመልስ ዓለም አጨበጨበ፤ ይኸው ሰው ግን በ1990ው የዓለም ዋንጫ ከግቡ ርቆ ወጥቶ ሊያታልል ሲል ካሜሩናዊው ሮዠ ሚላ ኳሷን ነጥቆ አገባበትና ቡድኑ ከውድድሩ ተሰናበተ። ሁለቱን ያደረገው አንድ ጠባይ ነው። ትርንጎም አንድ ቀን፣ የማዕዘን ምት ሊመታ ሲል፣ ከቀኝ ቋሚዋ ጋር ተኳርፋ ጀርባዋን ልትሰጠው ይገባል። እንዲህ ያለ ገጽ ሲመጣ አንባቢ ያለ ጥርጥር ቀጣዩን ይጠይቅሻል።

የጃፓኖቹን መንገድ እንዳለ ለመቅዳት አትድከሚ፤ ወፈፌና ሊቅ በአንድ ሰው ውስጥ ሲኖሩ ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም። አለቃ ገብረ ሐናን ሁላችንም በቀልዳቸው እናውቃቸዋለን፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን የደረሱ ሊቅ ነበሩ፣ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋምም ለእሳቸው ነው የሚሰጠው። ቀልዳቸው የሚቆረጥመው ተናጋሪው የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ነው። ትርንጎን ስትሥዪ ይህን ዓይነቱን ሰው አስቢ፤ ከሰፈርሽም ሆነ ከቤተ ዘመድሽ መካከል አንድ ሳይኖር አይቀርም።

ሥዕሉን በተመለከተ፣ በአራተኛው ገጽ ላይ ትርንጎ ስትናደድ ፊቷን ትልቅ፣ ሰውነቷን እንደ ሕፃን ትንሽ አድርገሽ መሥራትሽ ጥሩ ነው፤ ስላም ዳንክም በጨዋታ መካከል እንዲህ ያደርጋል። ልዩነቱ ኢኖኡዌ የት ማቆም እንዳለበት ማወቁ ነው፤ ሳንኖ ከተባለው ትምህርት ቤት ጋር በሚደረገው የመጨረሻ ግጥሚያ ማብቂያ ላይ ቀልዱም የሕፃን ፊቱም ይጠፋል፣ ገጾቹ ያለ ንግግር ይሄዳሉ፣ ያ ሁሉ ጉራ የነበረው ልጅ ግራ እጁ ኳሷን መደገፍ ብቻ እንዳለባት ለራሱ ሹክ ብሎ ይወረውራል። አንቺ ግን በሰባተኛው ገጽ፣ የፍጹም ቅጣት ምቱ ላይ፣ ያንኑ የሕፃን ፊት ደግመሽዋል። እዚያ ላይ ትክክለኛውን ፊቷን ሥዪ።

በመጨረሻም ተከላካይዋን ሰናይትን በሁለት ቦታ ብቻ አየኋት፤ በሁለቱም ከሌሎቹ ጋር ትስቃለች። እንዳትስቅ አድርጊያት። ትርንጎ ቋሚውን «ዛሬ ፊትህ ጠቁሯል» ስትለው ሰናይት ዘወር ሳትል «ቀለም ተቀብቶ ነው፣ አትንኪው» ትበላት። ስድስተኛውን ገጽ በዚህ መልክ ሠርተሽ ከቀሪዎቹ ጋር ላኪልን፤ ቦታ ከተገኘ በሚቀጥለው እትም የፊተኛውንና አዲሱን ስድስተኛ ገጽ ጎን ለጎን እናወጣቸዋለን።